የእንስሳት ደኅንነትና የእንስሳት መብት በጎጃም ገበሬ ዓይን

የእንስሳት ደኅንነትና የእንስሳት መብት ብዙ ጊዜ እየተቀላቀሉ ይነገራሉ። የደኅንነት ሐሳብ ሰው በእንስሳ መጠቀሙን ተቀብሎ አያያዙን ይመረምራል። የመብት ሐሳብ ግን መጠቀሙ ራሱ ተገቢ ነው ወይ ብሎ ይነሣል።

በገበያ ቀን ቡሬ ወይም ዳንግላ የደረሰች አህያ ጭነቷ ሲወርድ ጀርባዋን ማየት ነው። መደላድሉ ከሳሳ ከሥሩ ገጣባ አለ። ቁስሉ ሳይጠግግ በማግስቱ መጫኛው እዚያው ላይ ጠብቆ ይታሰራል፤ ሜዳ ስትለቀቅ ደግሞ ቁራ በመንቆሩ እየወጋ ያደማዋል። ለደኅንነት የሚቆረቆር ሰው መደላድሉ ይወፍር፣ ጭነቱ ይቀነስ፣ እስክትድን ትረፍ ይላል። የመብት ተከራካሪው ቀድሞውንስ ለምን ትጫናለች ይላል።

የደኅንነት መለኪያ ሆነው የሚጠቀሱት አምስቱ ነጻነቶች በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ተዘርዝረዋል፤ እነሱም ከረኃብና ከጥም፣ ከምቾት ማጣት፣ ከሕመምና ከጉዳት፣ ከፍርሃትና ከጭንቀት መጠበቅ፣ እንዲሁም በተፈጥሮ ጠባይ መኖር ናቸው። በመብት ወገን አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶም ሬገን እ.ኤ.አ. በ1983 እንስሳት ለሰው ከሚሰጡት ጥቅም ውጭ የራሳቸው ዋጋ አላቸው ሲል ተከራክሯል። አውስትራሊያዊው ፈላስፋ ፒተር ሲንገር ከዚሁ ወገን ቢቆጠርም፣ የሚመዝነው መብትን ሳይሆን ሥቃይን ነው።

የጎጃም ገበሬ ስለ ደኅንነት ከእነዚህ ሰዎች መማር አላስፈለገውም። በሰንበት ጥማድ አይጠምድም። በሬውን ቦራ ወይም ዳልቻ እያለ በስሙ ይጠራዋል፤ ቀንበር ሻኛውን ከላጠው ያሳዝነዋል። የሚያበራይ በሬ አፉ እንዳይታሰርም ኦሪት ዘዳግም (25፥4) ያዛል። ጾሙ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት የማይቀመሰው ለነፍስ ተብሎ እንጂ ለላሚቱ መብት ተብሎ አይደለም።

መብቱን እስከ ጫፉ ከወሰድነው ሞፈርና ቀንበር ይሰቀላሉ፤ አንድ ጥማድ ብቻ ላለው ቤት ይህ ረኃብ ነው። ስለዚህ እኔ ለጎጃም የቅርቡ ሥራ ደኅንነቱ ነው እላለሁ፤ ገጣባው ዛሬ መዳን ይችላልና። የመብቱን ጥያቄ ግን ልንቀው አልችልም። ቦራ ለዓመታት አርሶ ሲያረጅ ይደልብና ለሥጋ ይሸጣል። የደኅንነት ደንብ እንዴት እንደሚነዳና እንዴት እንደሚታረድ ይጠይቃል፤ ያረሰበት ዘመን ሁሉ ምን ያስገኝለታል የሚለውን የሚጠይቅለት ግን የመብቱ ወገን ብቻ ነው።