የፖርትሬት ፎቶግራፍ ድራማዊ አርትዖት

ድራማዊ አርትዖት በአንድ ሰው ፎቶግራፍ ላይ ጥላው እንዲከብድ፣ ብርሃኑ በተመረጡ ቦታዎች ብቻ እንዲያርፍ፣ ቀለሙም ዓይን በየዕለቱ ከሚያየው እንዲርቅ አድርጎ ምስሉን የማዘጋጀት ሥራ ነው። የተለመደው ፎቶ ማሳመር ብጉር አጥፍቶ ቆዳ ያለሰልሳል። ድራማዊው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒውን ይሠራል፦ የግንባር ሽብሽብን ያጎላል፣ ከዓይን ሥር ያለውን ያጠቁራል፣ ጢምን ክር በክር ይለያል። በፊልም ፖስተር፣ በአልበም ሽፋን፣ በስፖርተኞች ማስታወቂያና በመጽሔት ገጾች ላይ የምናያቸው ከጨለማ ውስጥ ብቅ ያሉ ፊቶች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ያለፉ ናቸው።

አርታኢው የሚነካቸው ነገሮች ሦስት ናቸው፤ ብርሃን፣ የቆዳ ሸካራነትና ቀለም። ሦስቱ ግን እኩል አይደሉም። ፊትን ድራማዊ የሚያደርገው ከሁሉ በፊት የብርሃንና የጥላ ክፍፍሉ ነው፤ ሸካራነትና ቀለም እሱን ተከትለው የሚመጡ ናቸው። የዛሬ ፕሮግራሞች ሸካራነትንና ቀለምን በአንድ ጠቅታ ስለሚለውጡ ብዙ ሰው ከእነሱ ይጀምራል። በየቦታው የምናያቸው የዚህ ዓይነት ፎቶግራፎች እርስ በርስ የሚመሳሰሉትም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል።

ከኮምፒውተር በፊት

ይህ ልማድ ከኮምፒውተር ጋር የመጣ የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም። እንግሊዛዊቷ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) በ1863 መጨረሻ፣ በ48 ዓመቷ፣ ካሜራ በስጦታ ስታገኝ የዘመኗ ፎቶ ቤቶች ደንበኛውን ከእግር እስከ ራሱ በተመጣጠነ ብርሃን አቁመው ነበር የሚያነሡት። እሷ ወደ ፊት ተጠጋች፤ ብርሃኑን ከአንድ ወገን ብቻ አስገብታ የቀረውን ለጨለማ ተወች። በ1867 ያነሣችው የሥነ ፈለክ ሊቁ የጆን ኸርሸል ምስል ከጥቁር መደብ የወጣ ፊትና የተበታተነ ነጭ ጸጉር ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያ ውጤት ውስጥ ኬሚካሉም ድርሻ ነበረው። የምትጠቀምበት እርጥብ የኮሎዲዮን ሳህን (ብርሃን የሚቀዳ ኬሚካል የተቀባ መስታወት) ለሰማያዊ ብርሃን እንጂ ለቀይ ስሜት አልነበረውም። የሰው ቆዳ ከሰማያዊ ይልቅ ቀይን አብዝቶ ስለሚያንጸባርቅ በዚህ ሳህን ላይ ጠቆር ብሎ፣ ሽብሽቡና ጠቃጠቆው ጎልቶ ይወጣል። ዛሬ ባለ ቀለሙን ፎቶ ወደ ጥቁርና ነጭ ሲለውጡ የቀዩን ድርሻ ቀንሰው የሰማያዊውንና የአረንጓዴውን የሚያበዙ አርታኢዎች፣ አወቁትም አላወቁት፣ ያንኑ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ቆዳ ነው የሚመልሱት።

በ1930ዎቹ ሆሊውድ ሥራውን ወደ ሙያ ክፍፍል አሳደገው፤ አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ያስተካክላል። የዘመኑ ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ጆርጅ ኸረል መብራቱን በረጅም ክንድ ላይ ሰቅሎ ከተዋናዩ ራስ በላይ ያስቀምጥ ነበር። ከጉንጭ አጥንትና ከሽፋሽፍት በታች የሚወርደው ረጅም ጥላ ከዚያ የመጣ ነው። ኔጋቲቩ (ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የሚቀዳበት፣ ፎቶው ከእሱ የሚታተምበት ፊልም) 8 በ10 ኢንች ስለነበር አስተካካዩ በሾለ እርሳስ በላዩ ላይ መሥራት ይችላል። በኔጋቲቭ ላይ እርሳስ ያረፈበት ቦታ በታተመው ፎቶ ላይ ነጣ ብሎ ይወጣል፤ እያንዳንዷ ጠቃጠቆ በእርሳስ ጫፍ ትሞላና ትጠፋለች። ኸረል በ1931 ያነሣት የተዋናይት ጆን ክራውፎርድ ፎቶግራፍ ሁለቱም ቅጂዎች ተርፈዋል። በአንዱ ፊቷን የሞላው ጠቃጠቆ እንዳለ ይታያል፤ በሌላው ቆዳዋ እንደ እብነ በረድ ለስልሷል። በሁለቱም ላይ አንድ ሆኖ የቀረው የብርሃኑ አወራረድ ነው፤ የምስሉ ኃይልም እዚያ ላይ ነው ያለው።

በዚያው ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው ዊልያም ሞርተንሰን የታተመውን ፎቶ በምላጭ እየፋቀ፣ በእርሳስና በካርቦን ዱቄት እያጠቆረ፣ ከሥዕል የማይለይ ገጸ ባሕርይ ያወጣ ነበር። ጥርት ያለና ያልተነካካ ፎቶግራፍ ጠበቃ የነበረው ፎቶግራፍ አንሺ አንሰል አዳምስ በዚህ ተቆጥቶ ሞርተንሰንን ጸረ ክርስቶስ ብሎታል። ይሁን እንጂ አዳምስም ቢሆን በጨለማ ክፍል ውስጥ የፎቶውን አንዱን ክፍል ሸፍኖ ማንጣትን፣ ሌላውን ለብርሃን አቆይቶ ማጥቆርን ከማንም በላይ የተካነ ሰው ነበር። ክርክሩ ፎቶግራፍ ይነካ ወይስ አይነካ ሳይሆን እስከ ምን ድረስ ይነካ የሚል እንደነበር ከዚህ ይታወቃል።

የቶማስና የጆን ኖል ወንድማማቾች ሥራ የሆነው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ፎቶሾፕ በየካቲት 1990 ለገበያ ሲቀርብ ይህን ሁሉ ከጨለማ ክፍል ወደ ጠረጴዛ አወጣው። የማንጫውና የማጥቆሪያው መሣሪያ ምልክቶች እስከ ዛሬ በዘንግ ጫፍ ያለች ክብ ካርቶንና የተጨበጠ እጅ ናቸው፤ ሁለቱም የጨለማ ክፍል ትውስታ ናቸው። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1994፣ ሌየር (በምስሉ ላይ የሚደረብ ግልጽ ንብርብር) ሲጨመር ነው። ከዚያ ወዲህ ዋናውን ምስል ሳያበላሹ በላዩ ላይ መሥራት፣ ካልጣመም ማንሣት ተቻለ።

በ2000ዎቹ ደግሞ የፖላንዳዊው የፊዚክስ ምሁር የአንድዤይ ድራጋን ፖርትሬቶች በዓለም ዙሪያ ተመልካች አገኙ። ጨለማ መደብ፣ የደበዘዘ ቀለም፣ እያንዳንዱ የቆዳ መስመር የተቆጠረበት ፊት የእሱ መለያ ነው። አኳኋኑ በስሙ የድራጋን ውጤት ተባለ፤ ተከታዮቹም የየራሳቸውን አሠራር እያወጡ አሰራጩት። ብዙዎቹ አሠራሮች ሸካራነቱን ወስደው ጥላውን ይረሱታል።

ብርሃኑን መከፋፈል

ሥራው ከኮምፒውተሩ ፊት ሳይቀመጡ ይጀምራል። ብርሃን ከፊት ለፊት በእኩል ያረፈበት ፊት ለድራማ አይመችም፤ አርታኢው ያልነበረ ጥላ ለመፍጠር ይገደድና ሐሰቱ ቶሎ ይታወቅበታል። ከጎንና ከፍ ብሎ የሚመጣ አንድ ብርሃን ግን ጉንጭን፣ አፍንጫንና አገጭን ራሱ ይቀርጻል። የአፍንጫ ጥላ ከጉንጭ ጥላ ጋር ተገናኝቶ በጨለማው ጉንጭ ላይ ባለ ሦስት ማዕዘን ብርሃን ሲቀር፣ ባለሙያዎች የሬምብራንት ብርሃን ይሉታል፤ ለዚህ ዓይነቱ አርትዖት ከእሱ የሚሻል መነሻ አላውቅም።

የፋይሉ ዓይነትም ወሳኝ ነው። የተለመደው የታመቀ የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ የቀለም ክፍል 256 ደረጃዎችን ብቻ ይይዛል፤ በ14 ቢት የተቀዳ ሮው (ካሜራው የቀዳው ያልተቀነባበረ) ፋይል ግን 16,384 ደረጃዎች አሉት። ጥላን አጥብቆ የሚጎትት ሰው ይህን ልዩነት በዓይኑ ያየዋል። ከብርሃን ወደ ጨለማ በዝግታ መሸጋገር የሚገባው የጉንጭ ክፍል በጄፔግ ላይ ደረጃ በደረጃ ይሰባበራል።

ጀማሪ ብርሃን በመጨመር ይጀምራል። የተሻለው መንገድ ግን መላውን ምስል ማጨለም፣ ከዚያ መታየት ያለበትን ብቻ መመለስ ነው። የከርቩ (የብርሃንና የጥላ መጠን የሚስተካከልበት ግራፍ) መስመር ከታች በኩል ሲወርድ መደቡ፣ ልብሱና የጆሮው አካባቢ ይሰምጣሉ፤ ከላይ በኩል ጥቂት ከፍ ሲል ግንባርና የአፍንጫ አጥንት ይወጣሉ። ይህ ጠቅላላው መንገድ ነው። ዝርዝሩ የሚሠራው በማንጣትና በማጥቆር ሲሆን፣ በተለመደው ዘዴ ከምስሉ በላይ 50 በመቶ ግራጫ የሆነ ሌየር ይደረብና ከታችኛው ምስል ጋር የሚዋሃድበት ስልት «ለስላሳ ብርሃን» (ሶፍት ላይት) የሚባለው ይደረጋል። ግራጫው ራሱ አይታይም፤ በላዩ ላይ ነጭ የተቀባው ቦታ ይነጣል፣ ጥቁር የተቀባው ይጠቁራል። ብሩሹ በጣም ደካማ መሆን አለበት፤ በአንድ ጊዜ ጥቂት በመቶ ብቻ የሚጥል፣ ደጋግሞ በማለፍ የሚጠራቀም። እውነተኛ ጥላ በቆዳ ላይ የሚሸጋገረው በቀስታ ነውና አንድ ጊዜ በኃይል የተጣለ ጥቁር እድፍ ይመስላል።

ዓይንን በቅርብ እንየው። ብርሃኑ ከላይ በስተቀኝ ከመጣ፣ ነጸብራቁ ከብሌኑ በላይ በቀኝ በኩል እንደ ትንሽ ነጭ ነጥብ ይቀመጣል። ወደ ውስጥ የዘለቀው ብርሃን ግን የሚያበራው ተቃራኒውን፣ በብሌኑ ዙሪያ ያለውን ባለ ቀለም ቀለበት ታችኛውን የግራ ክፍል ነው። ስለዚህ የሚነጣው ያ ቅስት ብቻ ነው፤ የቀለበቱ የውጭ ጠርዝ ደግሞ ትንሽ ይጠቁራል። ልምድ የሌለው ሰው ዓይኑን በሙሉ፣ ነጩን ጭምር ያበራና ሰውየውን ከራሱ ውስጥ መብራት የበራበት ያስመስለዋል። የዓይን ነጭ በእውነት ነጭ አይደለም፤ ክብ ስለሆነ ወደ ዳር ሲሄድ ይጨልማል፣ ከላይም የቆቡ ጥላ ያርፍበታል። ያ ጥላ ሲጠፋ ዓይኑ ጠፍጣፋ ይሆናል። በዚህ ሁለት ሳንቲ ሜትር በማይሞላ ቦታ ላይ ረጅም ጊዜ ማጥፋት የሚያስቆጭ አይደለም፤ ተመልካቹ አስቀድሞ የሚያየው እዚያ ነው።

ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ክፍፍሉ ሌላ መልክ ይይዛል። ቅርጹን የሚነግረን የጥላው ክብደት ሳይሆን በግንባር፣ በጉንጭ አጥንትና በከንፈር ላይ የሚያርፈው ነጸብራቅ ነው። ለቀላ ቆዳ የተዘጋጀ ፕሪሴት (አስቀድሞ የተቀመረ ማስተካከያ) ሲጫንበት ጥላው ይደፈንና ጸጉሩ ከመደቡ ጋር አንድ ይሆናል። መፍትሔው ጥላውን ባለበት ትቶ በነጸብራቁ ላይ መሥራት፣ የጸጉሩንና የትከሻውን ጠርዝም ከመደቡ መለየት ነው።

ሸካራነትና ቀለም

ሸካራነትን ለማጉላት ከሚያገለግሉት መካከል ሃይ ፓስ የሚባለው ማጣሪያና በብዙ ፕሮግራሞች ክላሪቲ የሚል ስም ያለው ማንሸራተቻ ይገኙበታል። ሁለቱም የሚሠሩት በምስሉ ጥቃቅን አካባቢዎች ውስጥ ያለውን የብርሃን ልዩነት በማስፋት ነው። ለወንድ ጢም፣ ለሽማግሌ ግንባር፣ ለሥራ የዋለ እጅ ግሩም ናቸው። በመላው ፊት ላይ ሲደፉ ግን ቆዳው የቆሸሸ ይመስላል፤ በጭንቅላትና በመደቡ መካከልም ያልነበረ የብርሃን ቀለበት ይፈጠራል። ያ ቀለበት ከታየ ሥራው ከልክ አልፏል። ስለዚህ በማስክ፣ ማለትም ማስተካከያው የት እንደሚታይ በሚወስን መሸፈኛ፣ ሸፍኖ በተፈለገው ቦታ ብቻ መግለጥ ይሻላል።

ሸካራነትን ከቀለምና ከጥላ ለይቶ መሥራት ለሚፈልግ ፍሪኩዌንሲ ሴፓሬሽን የሚባል ዘዴ አለ። ምስሉ በሁለት ሌየር ይከፈላል፤ አንዱ የተደበዘዘውን የቀለምና የጥላ ፍሰት፣ ሌላው የቆዳ ቀዳዳዎችንና ጸጉሮችን ይይዛል። ኃይለኛ በመሆኑ ሰነፍ ያደርጋል፤ የፕላስቲክ ፊቶች ብዙ ጊዜ የዚህ ዘዴ ፍሬዎች ናቸው።

በቀለም በኩል የተለመደው ድምቀቱን መቀነስ፣ ከዚያም ጥላውን ወደ ሰማያዊ አረንጓዴ፣ ብርሃኑን ወደ ብርቱካናማ ማዘንበል ነው። ጠቆረም ቀላ የሰው ቆዳ በቀለም ክብ ላይ በብርቱካናማው አካባቢ ስለሚወድቅ፣ ተቃራኒው ቀለም በመደቡ ላይ ሲሆን ፊቱ ተለይቶ ይወጣል። የደበዘዘውና ኮንትራስቱ (የብርሃንና የጨለማ ልዩነቱ) የጠነከረው መልክ ደግሞ ከፊልም የተወረሰ ነው። የቀለም ፊልም ሲታጠብ በፊልሙ ውስጥ ያለውን የብር ማዕድን የማስወገዱ ደረጃ ሲዘለል ማዕድኑ በምስሉ ላይ ይቀርና ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጥላውም ይከብዳል።

ሥራው መሄድ ያለበት መንገድ ላይ መሆኑን ለማረጋገጥ ቀላሉ ዘዴ ምስሉን እንደ ቴምብር አሳንሶ ማየት ነው። ጥላና ብርሃኑ በትክክል ከተከፋፈለ በዚያች ትንሽ መጠንም ፊቱ ይነበባል።

ድንበሩ

ማጥቆር ንጹሕ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ያሳየው በሰኔ 27 ቀን 1994 የወጣው የታይም መጽሔት ሽፋን ነው። ፖሊስ ያነሣው የአሜሪካዊው የእግር ኳስ ኮከብ የኦ ጄ ሲምፕሰን ፎቶግራፍ በሠዓሊው ማት ማሁሪን እጅ ጨልሞ፣ ዳሩ ጠቁሮ ወጣ። ተቀናቃኙ ኒውስዊክ ያንኑ ፎቶግራፍ ሳይነካ በሽፋኑ ስላተመ ሁለቱ ጎን ለጎን ታዩ። በነፍስ ግድያ የተከሰሰን ጥቁር ሰው ይበልጥ አጥቁሮ ማቅረብ ዘረኝነት ነው የሚል ቁጣ ተነሣ፤ መጽሔቱም ማብራሪያ ለመስጠት ተገደደ። ለፊልም ፖስተር የሚያምር ጥላ በዜና ላይ ፍርድ ይሆናል። እንደ አሶሺየትድ ፕሬስ ያሉ የዜና ድርጅቶች ማንጣትና ማጥቆርን የሚፈቅዱት ምስሉ በግልጽና በትክክል እንዲታይ ለማድረግ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ ነው።

በማስታወቂያ ላይ ሕግ ያወጡ አገሮችም አሉ። ፈረንሳይ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 ጀምሮ፣ የሞዴሎች ሰውነት በኮምፒውተር እንዲቀጥን ወይም እንዲወፍር የተደረገበት የንግድ ፎቶግራፍ የተስተካከለ መሆኑ እንዲጻፍበት ታዛለች። ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ወዲህ የጸናው የኖርዌይ ደንብ ከሰውነት ቅርጽና መጠን በተጨማሪ ቆዳንም ያካትታል። ድራማዊ አርትዖት በእነዚህ ሕጎች ጠርዝ ላይ የሚቆም ነገር ነው፤ አንዲት ፒክስል ከቦታዋ ሳትነቃነቅ፣ የመንጋጋው ጎን በመጥቆሩ ብቻ ፊት በግልጽ ይቀጥናል። ለማስታወቂያ የሚሠራ አርታኢ ዋናውን ሮው ፋይልና ሌየሮቹ ያልተዋሃዱበትን ቅጂ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል፤ ጥላው ከመብራቱ ይምጣ ከብሩሹ ኋላ የሚለየው በእነሱ ነው።