የሕዝብ ፖሊሲ ከሕግ በምን ይለያል?

ብዙ ሰው ፖሊሲንና ሕግን ያምታታል። ሕግ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ይደነግጋል፤ የሕዝብ ፖሊሲ ግን መንግሥት አንድን የጋራ ችግር ለመፍታት የሚከተለው አቅጣጫ ነው። ሕግ፣ በጀት፣ ግብር እና ድጎማ የዚያ አቅጣጫ ማስፈጸሚያዎች ናቸው። ችግሩን እያወቁ ዝም ማለትም ፖሊሲ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል፤ ዳፋው ግን ለሕዝብ ይተርፋል።

ዋና ዋናዎቹ መስኮች ኢኮኖሚ፣ ትምህርት፣ ጤና፣ ማኅበራዊ ዋስትና፣ አካባቢ ጥበቃ፣ መከላከያና የውጭ ግንኙነት ናቸው። በወረቀት ላይ ተለያይተው ቢቀመጡም በተግባር ይጠላለፋሉ። ስለዚህ አንድ ፖሊሲ ሲወጣ የየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ ከመጠየቅ ይልቅ ማን እንደሚጠቀምና ወጪውን ማን እንደሚሸከም መጠየቅ የበለጠ ያስረዳል ባይ ነኝ።

እርሳስ የተባለው ብረት የተጨመረበትን ቤንዚን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1923 ለሽያጭ የቀረበው ይህ ነዳጅ የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ ከታወቀ በኋላም ለአሥርት ዓመታት ሲሸጥ ኖሯል። ለመኪና መሸጡ በመላው ዓለም ያበቃው በ2021 ነው። ጉዳዩ የጤና ቢሆንም መፍትሔው በጤና ባለሙያዎች እጅ ብቻ አልነበረም፤ የነዳጅ ማጣሪያ ፋብሪካዎች መሻሻል፣ የመኪና ደረጃዎች መለወጥ ነበረባቸው። አንዳንድ አገሮችማ እርሳስ በሌለው ቤንዚን ላይ የሚጣለውን ግብር ዝቅ አድርገው ገዢውን ወደዚያ ሳቡት።