ጋዜጣ በደሴ

ደሴ ከአዲስ አበባ 401 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። የከተማዋ የጋዜጣ ታሪክም በአብዛኛው ይህን መንገድ ተጉዞ የመጣ ወረቀት ታሪክ ነው። አዲስ አበባ ይታተማል፣ አውቶቡስ ላይ ይጫናል፣ ጣርማበርን ያልፋል፣ ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ ደሴ መናኸሪያ ይወርዳል። እስኪደርስ ወሬው ትንሽ ይሻግታል፤ ቢሆንም ይነበባል።

ጥንት ወሬ የሚገኘው ገበያ ላይ ነበር። አዋጅ ሲኖር ነጋሪት ይጎሰማል፣ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ይባላል። ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ በ1917 ዓ.ም.፣ አዲስ ዘመን ደግሞ ከጣሊያን መውጣት በኋላ በ1933 ዓ.ም. መታተም ጀመሩ። ሁለቱም የዋና ከተማ ልጆች ናቸው።

ደሴ ራሷ የዓለም ወሬ የሆነችው በኅዳር 1928 ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጦሩን ለመምራት ደሴ ገብተው ነበር። የውጭ ጋዜጠኞችም ተከትለዋቸው መጥተዋል። ኅዳር 26 የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን ሲደበድቡ፣ ቀይ መስቀል የተሰቀለበት ሆስፒታልም አልቀረለትም። ጋዜጠኞቹ እዚያው ስለነበሩ ነገሩ በአጭር ጊዜ አውሮፓ ደረሰ።

በ1965 የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። የወሎ ገበሬ በረሃብ ሲረግፍ የመንግሥት ጋዜጦች ጭጭ አሉ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሷቸውን ፎቶዎች አዲስ አበባ ላይ አሳዩ። ዓለም ያወቀው ግን እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። በ1977ም ታሪኩ ተደገመ። ደርግ የአብዮቱን 10ኛ ዓመት በድል አድራጊነት ሲያከብር ኮረም ላይ ሰው እንደ ቅጠል ይረግፍ ነበር፤ ያንንም የነገረን የውጭ ካሜራ ነው። የወሎን ረሃብ የወሎ ሰው በራሱ ጋዜጣ ቢጽፈው ኖሮ ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር? ይህን ማሰብ አይቀርም።

ጋዜጣ ታዲያ አንብበው የሚጥሉት ዕቃ አልነበረም። አንዱን ቅጂ ስንት ሰው ይቀባበለዋል። ያረጀው የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በሊጥ ይለጠፋል፤ ቤቱን ያስውባል፣ ብናኝም ያስቀራል። ልጅ አልጋ ላይ ተጋድሞ የግድግዳውን ርዕስ ፊደል እየቆጠረ ያነባል። ተዘቅዝቆ የተለጠፈ ገጽ ካጋጠመው አንገቱን ያጣምማል። የቀረው ወረቀት ሱቅ ይገባና በርበሬና ቆሎ ይጠቀለልበታል።

የ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ የግል ጋዜጦችን ጎርፍ አመጣ። እነሱም የአዲስ አበባ ነበሩ። ለአማራ ክልል የቀረበው በኩር ጋዜጣ ነው። በ1987 ተመሥርቶ ባሕር ዳር እየተዘጋጀ በየሳምንቱ ይወጣል፤ የወሎን ጉዳይም ይዘግባል። የበኩር አሳታሚ ድርጅት በአፋን ኦሮሞ ሂርኮን፣ ለዋግ ደግሞ በኽምጣና ቋንቋ ጋዜጣ ማውጣቱ ሊደነቅ ይገባዋል። ከሚሴና ሰቆጣ ያለ ሰው በአፍ መፍቻው የሚያነበው ወረቀት ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ደሴ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች አሏት። ወሬ ደግሞ በቴሌግራምና በፌስቡክ ይሮጣል። በአውቶቡስ የሚመጣው ጋዜጣ እየሳሳ ነው፤ ከመናኸሪያ ሳይወርድ ወሬው በየሰው ኪስ ውስጥ ገብቷል።