ስለ ብሪጅ የምንሰማቸው የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ብሪጅ ለመጫወት አራት ሰው ያስፈልጋል። ደብረ ማርቆስ ላይ ካርታ የሚወድ ሰው ሞልቷል፤ ኮንከር የማይችል ወጣት ፈልጎ ማግኘት ራሱ ይከብዳል። ከባዱ ነገር አራቱን አሳምኖ አንድ ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ነው። ብሪጅን አይቶ የማያውቅ ሰው በለመደው የካርታ ጨዋታ መዝኖ ይፈርድበታል። መማር የጀመረውም ያንኑ ልማድ ይዞ ይመጣና ወራት ሙሉ እዚያው ይረግጣል። ለጎረቤትና ለሥራ ባልደረባ ሳስተምር ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮች ላንሳ።

መጀመሪያ ጨዋታውን ለማያውቅ ባጭሩ። ካርታው 52 ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው 13 ይደርሰዋል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ሁለት ሰዎች አጋሮች ናቸው። በቅድሚያ ጨረታ አለ። ጥንዶቹ «ይህን ያህል ዙር እንወስዳለን፣ ገዢው (ሌሎቹን የሚያሸንፈው) ዓይነት ደግሞ ይሄ ይሁን» እያሉ ይጫረታሉ፤ ከፍ ያለውን ያቀረበው ጥንድ ውሉን ይይዛል። ከዚያ 13 ዙር ይጫወታሉ። በየዙሩ አራቱም አንድ አንድ ካርታ ይጥላሉ፤ ከተጀመረው ዓይነት ትልቁን፣ ገዢ ከተጣለ ደግሞ ትልቁን ገዢ የጣለው ዙሩን ይወስዳል። ያለ ገዢ ዓይነት መጫወትም ይቻላል። የመጀመሪያው ካርታ እንደወደቀ ውሉን የያዘው ሰው አጋር ካርታውን በሙሉ ገልጦ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ከዚያ በኋላ ሁለቱንም እጅ የሚጫወተው አንድ ሰው ነው።

«ካርታ ምን ጊዜም ቁማር ነው»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ወላጆች ናቸው። አልፈርድባቸውም። የወር ደመወዙን በካርታ አስበልቶ ቤቱ የገባ ሰው ያላየ ሰፈር የለም። ግን ቁማር የሚያደርገው ጠረጴዛው ላይ የሚቀመጠው ብር ነው። ከተማው በውርርድ ቤት ተሞልቶ እያለ እግር ኳስ ራሱ ቁማር ነው የሚል ሰው አልሰማሁም።

ብሪጅን በገንዘብ የሚጫወቱ ሰዎች በውጭ አገር አሉ፤ እሱን መደበቅ አያስፈልግም። ውድድሩ ግን በነጥብ ነው። የዓለም ብሪጅ ፌዴሬሽን በ1958 እ.ኤ.አ. ተመሠረተ፤ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ በ1999 እውቅና ሰጠው። በ2018 እ.ኤ.አ. ጃካርታ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ላይ ሜዳሊያ ከተሰጠባቸው ውድድሮች አንዱ ብሪጅ ነበር። ልጆቻቸው እንዲማሩ የሚያመነቱ ወላጆች ካሉ መጥተው አጠገባችን ይቀመጡ። እኛ ጠረጴዛ ላይ የቡና ሒሳብ እንኳ አይያዝም።

«ጥሩ ካርታ የደረሰው ያሸንፋል»

አንድ እጅ ብቻ ተጫውታችሁ ብትነሱ እውነት ነው። ለዚህ ግን መፍትሔው ከተገኘ ቆይቷል፤ የውድድር ብሪጅ የቆመውም በዚሁ መፍትሔ ላይ ነው። ያው አንድ ዓይነት ካርታ በሁለት ጠረጴዛ ላይ ይጫወታል።

ስምንት ሰው ካላችሁ ቤታችሁ ውስጥ ልትሠሩት ትችላላችሁ። አራት ፖስታ ውሰዱና ሰሜን፣ ደቡብ፣ ምሥራቅ፣ ምዕራብ ብላችሁ ጻፉባቸው። ስምንቱ ሰዎች አራት አራት ሆነው ሁለት ቡድን ይሁኑ። የመጀመሪያው ቡድን አንደኛው ጠረጴዛ ላይ ሰሜንና ደቡብ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ምሥራቅና ምዕራብ። ካርታው አንዴ ብቻ ይታደላል። ስትጫወቱ ካርታውን መሃል ላይ አትወርውሩት፤ ሁሉም ሰው የጣለውን ከፊቱ ይደርድር። ሲያልቅ እያንዳንዱ 13 ካርታ ወደየፖስታው ይመለስና ወደ ሌላው ጠረጴዛ ይሂድ።

አሁን ሰበብ የለም። እናንተ «ምን ካርታ ደረሰኝና» ያላችሁበትን ያንኑ እጅ ሌላኛው ቡድንም ይዞታል። እናንተ ተቃራኒዎቻችሁን 10 ዙር አስወስዳችሁ ከሆነና እነሱ በዚያው ደካማ ካርታ 9 ላይ ካስቆሙ እነሱ በልጠዋል። ሰው የብሪጅ ፍቅር የሚይዘው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በክረምት ዝናቡ ከቤት ሲያስቀምጠን በዚህ መንገድ የተጫወትንባቸው ምሽቶች ላይ ውጤቱ ሲነፃፀር የሚነሳው ጭቅጭቅ ከጨዋታው ይረዝማል። ስለ ዕድል የሚያወራ ግን አይኖርም።

«ጨረታው ቅኔ ነው፤ የሁለት ሰው ምስጢር ነው»

ጎጃም ላይ ሆኖ ጨረታውን ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይገርመኝም። በእርግጥም ሰምና ወርቅ የሚመስል ነገር አለው። አንዱ «ያለ ገዢ አንድ» (ከ6 ዙር በላይ አንድ፣ ማለትም 7 ዙር) ብሎ ይከፍታል፤ አጋሩ «ክለብ ሁለት» ይላል። ክለብ ግን ላይኖረው ይችላል። የጠየቀው «አራት ስፔድ ወይም አራት ልብ አለህ?» ብሎ ነው። ይህ ስቴይማን የሚባል በመላው ዓለም የታወቀ ስምምነት ነው።

ልዩነቱ ወርቁ ላይ ነው። የቅኔው ባለቤት ወርቁን ለሚገባው ሰው ይተወዋል። ብሪጅ ላይ ግን ወርቁን መደበቅ ክልክል ነው። ተቃራኒ «ይህ ጨረታ በእናንተ ዘንድ ምን ማለት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የጥንዱ ስምምነት በትክክል ይነገረዋል። ሁለት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ምልክት ከተገኘ ማጭበርበር ነው።

ስለዚህ በሌላ ጨዋታ እንደ ብልጠት የሚታየው ዓይን መጥቀስ፣ ሳል፣ ድምፅን ከፍና ዝቅ ማድረግ እዚህ ቦታ የለውም። ጨረታው የሚካሄደው 35 የተወሰኑ ጥሪዎችን ተጠቅሞ ነው፤ ማለፍ፣ እጥፍ ማድረግና መልሶ ማጠፍ ሲጨመሩ 38 ይሆናሉ። በውድድር ላይ ተጫዋቾቹ በአፋቸው አይናገሩም፤ ጥሪው የታተመበት ካርድ አውጥተው ያስቀምጣሉ። በትልልቆቹ ውድድሮች አጋሮች ፊት ለፊት እንዳይተያዩ ጠረጴዛው በመጋረጃ ይከፈላል። እኛ ቤት ወረቀት ላይ እንጽፋለን፤ እሱም ይበቃል።

«52ቱንም ካርታ የማያስታውስ አይሞክረው»

ይህ አባባል ብዙ ሰው አስፈርቷል፣ በተለይ ዕድሜያቸው ገፋ ያሉትን። በጣም ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ጡረታ የወጡ መምህራን ከማውቃቸው ምርጥ ተጫዋቾች መካከል ናቸው።

ጀማሪ መቁጠር ያለበት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። ስፔድ ገዢ ሆነ እንበል። እናንተና የተገለጠው እጅ በአንድነት 8 ስፔድ አላችሁ። ውጭ የቀሩት 5 ናቸው። በቃ፣ አምስቱን ብቻ ቁጠሩ። አምስቱ በሁለቱ ተቃራኒዎች መካከል 3 ለ 2 የመከፈል ዕድላቸው 68 በመቶ ገደማ ነው፤ 4 ለ 1 የሚሆኑት 28 በመቶ፣ 5 ለ 0 የሚሆኑት 4 በመቶ ገደማ። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ዙር ስፔድ ብትጠሩ አልቀዋል ማለት ነው። ይህ ሲለመድ ሁለተኛውን ዓይነት ትጨምራላችሁ። ጨረታውም ያግዛል፤ «ልብ አለኝ» ብሎ የተጫረተ ሰው ልቦቹ የት እንዳሉ ራሱ ነግሯችኋል።

«አስ ካለ ቶሎ መምታት ነው»

ከኮንከር የመጣ ሁሉ ትልቅ ካርታ እጁ ላይ ሲቆይ ይጨንቀዋል። ብሪጅ ላይ ደግሞ ጨዋታውን የሚያሸንፈው ብዙ ጊዜ መታገሥ ነው። አንድ እጅ ቀስ ብለን እንይ።

ውሉ ያለ ገዢ ዓይነት 9 ዙር ነው። ስለዚህ ቢበዛ 4 ዙር መሸነፍ ትችላላችሁ። እጃችሁ ላይ የልብ አስና ሁለት ትናንሽ ልቦች አሉ፤ የተገለጠው እጅ ላይ ሁለት ትናንሽ ልቦች። የስፔድ አስና ንጉሥ፣ የክለብም አስና ንጉሥ የእናንተ ናቸው። ዳይመንድ ላይ የተገለጠው እጅ አስ፣ ንግሥት፣ ጃክ፣ 10 እና 9 አለው፤ እናንተ ሦስት ትናንሽ። የዳይመንዱ ንጉሥ ከተቃራኒዎቹ ዘንድ ነው። በግራችሁ ያለው ተቃራኒ በልብ ጀመረ።

ከምንም በፊት ቁጠሩ። ስፔድ 2፣ ክለብ 2፣ ልብ 1። ንጉሡን ብትሸነፉ እንኳ ዳይመንድ 4 ይሰጣችኋል። ድምሩ 9 ነው። ውሉ ተሟላ፤ ግን መንገድ ላይ አደጋ አለ።

ከ13ቱ ልብ 5ቱ የእናንተ ናቸው፤ ውጭ 8 አለ። ግራ ያለው 5፣ ቀኝ ያለው 3 ይዘዋል እንበል። የመጀመሪያውን ልብ በአስ ብትወስዱ ግራ ያለው 4፣ ቀኝ ያለው 2 ልብ ይቀራቸዋል። ዳይመንድ ከእጃችሁ ወደ ተገለጠው እጅ ትመራላችሁ፤ ንግሥቲቱን ታስቀምጣላችሁ፤ ቀኝ ያለው በንጉሡ ይወስዳል። ወዲያው ልብ ይመልሳል፣ ግራ ያለው አራት ልብ ደርድሮ ይወስዳል። አንድና አራት፣ 5 ዙር ሄደ። ውሉ ፈረሰ።

አሁን አስን ያዙት። የመጀመሪያውን ልብ ልቀቁ፤ ሁለተኛውንም ልቀቁ። በሦስተኛው ውሰዱ። ቀኝ ያለው ሦስቱን ልብ ጨርሷል። ያንኑ ዳይመንድ ተጫወቱ፤ በንጉሡ ይውሰድ። የሚመልሰው ልብ የለውም። የተሸነፋችሁት 2 ልብና 1 ዳይመንድ ብቻ ነው። ልቡ 4 ለ 4 ቢከፈል ኖሮስ? ያኔም ከልብ የሚወስዱት 3 ነው፤ ከንጉሡ ጋር 4። አሁንም ደኅና ናችሁ።

ይህን እጅ በካርታ ደርድራችሁ ሁለቱንም መንገድ ተጫወቱት። የመጀመሪያውን ካርታ ከመጣላችሁ በፊት ቆም ብሎ መቁጠር ምን እንደሚጠቅም እጃችሁ ራሱ ይነግራችኋል።

«ነጥብ የበዛለት ብቻ ይጫረት»

አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ተብሎ ይቆጠራል፤ ጠቅላላው 40 ነው። ጥንዱ 25 ገደማ ሲኖረው ከላይ እንዳየነው የ9 ዙር ውል ያለውን ያስባል። ጥሩ መነሻ ነው። ይሁን እንጂ ነጥብ ቅርፅን አያይም። ሁለታችሁ 10 ስፔድ ካላችሁና ከሌላ ዓይነት አንድ ካርታ ብቻ ከያዛችሁ በ20 ነጥብም ብዙ ዙር ይወሰዳል።

«ብዙ ስምምነት ያጠና ይበልጣል»

ይህ ያነበቡ ልጆች በሽታ ነው። ብላክዉድ የሚባለውን እንውሰድ። ኢዝሊ ብላክዉድ የተባለ አሜሪካዊ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው፤ «ያለ ገዢ አራት» ብሎ አጋርን ስንት አስ እንዳለው መጠየቅ። ጀማሪ ይወደዋል። ሆኖም የሚያገለግለው ጥንዱ 12 ዙር የሚያስወስድ ኃይል እንዳለው አስቀድሞ ከታወቀና ሥጋቱ ሁለት አስ ጎድሎ እንዳይሆን ብቻ ሲሆን ነው። ኃይሉ ሳይኖር ጠይቆ መልሱን ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግበት የማያውቅ ሰው ውሉን ራሱ ሰቅሎ ራሱ ይወድቃል። ለመጀመሪያው ዓመት ስቴይማን ይበቃል። የቀረውን ጊዜ ለመቁጠር አውሉት።

«የተሸነፍነው በአጋሬ ነው»

በኔ እምነት ሰው እንዳያድግ የሚያደርገው ዋናው ነገር ይሄ ነው። አጋሩን የሚወቅስ ሰው የራሱን ውሳኔ መመርመር ይተዋል። ተወቃሹም በሚቀጥለው እጅ ፈርቶ ይጫወታል። ደግሞም እኛ ዘንድ ወጣቱና ሽማግሌው ተጣምረው ይቀመጣሉ። ወጣቱ ክብር ይዞት ዝም ይላል፤ ትልቁ ሰው ደግሞ ይቆጣል። ሁለቱም አይማሩም።

የሠራልን ደንብ ቀላል ነው። እጁ እስኪያልቅ ማንም ስለ ካርታው አይናገርም። ካለቀ በኋላ «ለምን ጣሉት?» አይባልም፤ «ጋሼ፣ ሁለተኛው ዙር ላይ ምን አስበው ነበር?» ይባላል። ሲጠየቁ ትልቁ ሰው ሐሳባቸውን ያስረዳሉ። ግማሹን ጊዜ ወጣቱ ያላየውን ነገር አይተው ያገኛቸዋል። ግማሹን ጊዜ ደግሞ እያስረዱ ስሕተታቸውን ራሳቸው ይደርሱበታል።

«የሀብታም ፈረንጅ ጨዋታ ነው፤ ያለ ኢንተርኔት አይሆንም»

የአሁኑን የነጥብ አያያዝ በ1925 እ.ኤ.አ. መርከብ ላይ ሆኖ ያዘጋጀው ሃሮልድ ቫንደርቢልት የባለጠጋ ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ጨዋታው ግን እዚያ አልቀረም። ከግሽ ዓባይ የሚነሳው ወንዝ ባሕር የሚገባባት ግብፅ ያፈራችው ተዋናይ ኦማር ሻሪፍ በዓለም የታወቀ የብሪጅ ተጫዋች ነበር፤ ስለ ጨዋታውም በጋዜጣ ይጽፍ ነበር። የሚያስፈልገው ወጪ ከሱቅ አንድ ካርታ ነው።

ኔት ሲኖር ብሪጅ ቤዝ ኦንላይን ላይ ከሮቦት ጋር መለማመድ ይቻላል። ኔት ሲጠፋ፣ ሰውም ሲታጣ፣ ካርታውን በውዙና አራቱንም እጅ ገልጣችሁ ደርድሩ። ለሁለቱ አጋሮች የሚስማማውን ውል ምረጡ። ከዚያ የሁለቱን ተቃራኒዎች ካርታ ገልብጡና የምታውቁትን ረስታችሁ በጨረታውና በቆጠራ ብቻ ተጫወቱት። ካቃታችሁ መልሳችሁ ገልጡትና የትኛው ዙር ላይ ሌላ መንገድ እንደነበረ ፈልጉ።