በነዋሪው የሚመራ የሰፈር ልማት ምንድን ነው?

ሰፈራችን ኮብልስቶን ሊነጠፍ ሲል ኮሚቴ ተቋቋመ። በየቤቱ ገንዘብ ተሰበሰበ። እቁባቸውን ለዚህ ያዋሉ እናቶች ነበሩ። መንገዱ ተነጠፈ፣ ሁላችንም ደስ አለን። ክረምት ሲገባ ግን ጎርፉ ቁልቁል ወርዶ ከመንገዱ በታች ያሉት ቤቶች ውስጥ ገባ። ውሃው ድሮ በየት በኩል ይወርድ እንደነበር የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የጠየቀን ሰው ግን አልነበረም። ገንዘብ አዋጡ ተብለናል፣ ሐሳብ አዋጡ ያለን የለም።

ከዚያ ወዲህ «የህዝብ ተሳትፎ» ሲባል በሰማሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል። የወሰነው ማን ነው?

በነዋሪው የሚመራ የሰፈር ልማት የሚባለው ለዚህ ጥያቄ መልሱ «እዚያው የሚኖሩት ሰዎች» ሲሆን ነው። ምን ይቅደም፣ የት ይሠራ፣ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል የሚለውን የሚወስኑት ነዋሪዎቹ ናቸው። መንግሥትም፣ ባንክም፣ መሐንዲስም፣ በጎ አድራጊም ያስፈልጋሉ። እነሱ ያግዛሉ፣ ነዋሪው ይመራል። ሥራው ቆሻሻ ማንሳት፣ የመንገድ መብራት ማስገባት፣ የልጆች ሜዳ ማዘጋጀት ወይም ቤት መሥራት ሊሆን ይችላል።

ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እድርን አስቡት። ዳኛውን የሚመርጡት አባላቱ ናቸው። መዋጮው ስንት እንደሚሆን፣ ድንኳኑ መቼ እንደሚገዛ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ይህን ልማድ ከለቅሶ ቤት አውጥታችሁ ወደ መንገዱ፣ ወደ መሬቱና ወደ ቤቱ ብትወስዱት የማወራው ነገር ይሆናል።

ሩቅ የሄደ ምሳሌ ላሳያችሁ። አሜሪካ ቦስተን ውስጥ ሮክስበሪ የሚባል አካባቢ አለ፤ እዚያ ዱድሊ ስትሪት ይገኛል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ሰፈሩ ወና ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። ባንኮች ለጥቁሮችና ለስደተኞች ሰፈር ብድር አይሰጡም። ነጮቹ እየለቀቁ ወጡ። የቤት ዋጋ ሲወድቅ የኢንሹራንስ ገንዘብ ፈልገው የራሳቸውን ቤት የሚያቃጥሉ ባለቤቶች መጡ። ወደ 1,300 የሚጠጋ ባዶ ቦታ ተፈጠረ። ባዶው ቦታ ደግሞ የሌላው ከተማ ቆሻሻ መድፊያ ሆነ። የግንባታ ፍርስራሽ፣ አሮጌ መኪና፣ የተበላሸ ፍሪጅ ሌሊት እየመጣ ይደፋል። ክረምት ከበጋ ሽታው አያስቀምጥም።

በ1984 ራይሊ የሚባል የበጎ አድራጎት ፋውንዴሽን ሰፈሩን ጎበኘና ለመርዳት ወሰነ። አካባቢው ላይ ከሚሠሩ ድርጅቶች ጋር ሆኖ አንድ አዲስ ተቋም ነደፈ። በ1985 መጀመሪያ ነዋሪውን ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ጠርተው ዕቅዱን አቀረቡ። በቦርዱ ውስጥ ለነዋሪው የተተወው ወንበር ጥቂት ነበር። አንዲት የሰፈሩ ሴት ተነስታ መድረኩ ላይ ካላችሁት ውስጥ እዚህ የምትኖሩት ስንት ናችሁ ብላ ጠየቀች። አዳራሹ ተናወጠ።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባል የለ? ነዋሪዎቹ ጮኹ። የፋውንዴሽኑን ሰዎች የማደንቃቸው እዚህ ላይ ነው። ተቀይመው ገንዘባቸውን ይዘው አልሄዱም። ዕቅዱን ሰረዙትና ቦርዱ ከነዋሪው ጋር እንደ አዲስ ተዋቀረ። በሰፈሩ የሚኖሩት ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከምዕራብ አፍሪካዋ የደሴቶች አገር ከኬፕ ቨርዴ የመጡት፣ ላቲኖዎቹና ነጮቹ ቁጥራቸው ቢበላለጥም እኩል ወንበር ተሰጣቸው። ስብሰባው በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽና በኬፕ ቨርዴ ክሪዮል እየተተረጎመ ይካሄድ ጀመር። ዱድሊ ስትሪት ኔበርሁድ ኢኒሼቲቭ የሚባለው ተቋም የተወለደው እንዲህ ነው።

ከቤት ግንባታ አልጀመሩም። በ1986 «ቆሻሻችሁን እኛ ላይ አትድፉ» ብለው ዘመቻ ወጡ። ባዶ ቦታዎቹን ራሳቸው አጸዱ። ከተማው ሕገወጦቹን የቆሻሻ ማራገፊያዎች እንዲዘጋ ወጥረው ያዙት፣ ተዘጉም። ብልህ አጀማመር ይመስለኛል። ለዓመታት ተስፋ የቆረጠ ሰው የአሥር ዓመት ዕቅድ ብታሳየው አያምንህም። በሩ ላይ የነበረው ክምር ሲነሳ ግን ለቀጣዩ ስብሰባ ይመጣል።

በ1987 የራሳቸውን የሰፈር ፕላን አወጡ። ባለሙያ ቀጥረዋል፣ ግን የባለሙያው አለቃ ነዋሪው ነበር። ፕላኑን መሬት ላይ ለማውረድ ሲነሱ አንድ እንቅፋት ገጠማቸው። ባዶዎቹ ቦታዎች የተዘበራረቁ ነበሩ፤ አንዱ የከተማው፣ አጠገቡ ያለው ዝር የማይል የግለሰብ ባለቤት ያለው። በዚህ ዓይነት መሬት ላይ መንደር አይሠራም።

በ1988 የቦስተን ከተማ ያልተለመደ ነገር አደረገ። ዱድሊ ትራያንግል (ሦስት ማዕዘን) በሚባለው የሰፈሩ ክፍል ውስጥ ያለ ባዶ መሬትን ለህዝብ ጥቅም የማስለቀቅ ሥልጣን ለነዋሪዎቹ ተቋም ሰጠ። «ማስለቀቅ» የሚለው ቃል እኛን ያስደነግጠናል፣ ምክንያትም አለን። እዚያ ግን ሥልጣኑ የተሰጠው ባዶ መሬት ላይ ነው። ሰው የሚኖርበትን ቤት አይነካም። ሥልጣኑን የያዙትም እዚያው ሰፈር የሚያድሩት ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ ልምጣ። ሰፈር ሲያምር ይወደዳል። ሲወደድ ቤት ኪራይ ይጨምራል። ቆሻሻውን በእጃቸው ያነሱት ሰዎች ሰፈሩ ሲያምር መክፈል አቅቷቸው ይወጣሉ። ብዙ ከተማ ውስጥ የታየ ግፍ ነው። ዱድሊዎች ለዚህ ያገኙት መላ የማህበረሰብ የመሬት አደራ ይባላል። መሬቱን ነዋሪው ያለበት አደራ ተቀባይ ተቋም ይይዘዋል፣ አይሸጠውም። ቤቱን ግን ቤተሰብ ይገዛዋል። ገዢው ለመሬቱ የ99 ዓመት ሊዝ ይፈርማል። ቁጥሩ ለአገራችን አንባቢ አዲስ አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር በ2004 ዓ.ም. በወጣው የሊዝ አዋጃችንም የመኖሪያ ቤት ሊዝ 99 ዓመት ነው። ልዩነቱ አከራዩ ላይ ነው። እኛ ጋ መንግሥት ነው፣ እዚያ የሰፈሩ አደራ።

ባለቤቱ ቤቱን ማውረስ ይችላል፣ መሸጥም ይችላል። ሲሸጥ ግን ዋጋው ላይ ጣሪያ አለ። የተወሰነ ትርፍ ይዞ ይወጣል፤ ቀጣዩም ገዢ መካከለኛ ወይም አነስተኛ ገቢ ያለው ሰው ይሆናል። አንዳንዱ ይህን «ሀብት ከልካይ» ይለዋል። ስጋቱ ይገባኛል፤ ቤት የድሃ ሰው ብቸኛ ጥሪት ነው። ቢሆንም በ2008 የቤት ብድር ቀውስ አካባቢው በሐራጅ ሲታመስ በአደራው መሬት ላይ ያሉት ቤተሰቦች በብዛት ቤታቸውን አላጡም። ለእኔ ይህ ሚዛን ይደፋል። ዛሬ በአደራው መሬት ላይ ከ225 በላይ ቤቶች፣ መናፈሻና የከተማ እርሻ አሉ። የድሮ ጋራዥ የነበረ ቦታ ላይ አትክልት የሚበቅልበት ግሪንሃውስ ቆሟል።

ቀላል ነበር አልልም። የማታ ስብሰባ ያሰለቻል። ደሞዝ የሚከፈላቸው ሠራተኞች ባይኖሩ ሥራው በበጎ ፈቃድ ብቻ አይዘልቅም ነበር። የውጭ ገንዘብም አስፈልጓል። ፎርድ ፋውንዴሽን ለመሬት መግዣ ሁለት ሚሊዮን ዶላር አበድሯል።

ቦርዱ ለወጣቶችም ወንበር አለው። ጆን ባሮስ የኬፕ ቨርዴ ስደተኞች ልጅ ነው፤ ቦርዱ ውስጥ ሲመረጥ 17 ዓመቱ ነበር። ኮሌጅ ጨርሶ ሌላ ቦታ ሠርቶ ተመለሰና ተቋሙን ለዓመታት መራ። በ2013 ለቦስተን ከንቲባነት ተወዳደረ፣ አላሸነፈም። ያሸነፈው ከንቲባ ግን የከተማውን የኢኮኖሚ ልማት እንዲመራ ሾመው።