አክቲቬትድ ካርቦን ምንድን ነው?

አክቲቬትድ ካርቦን ከሰል ነው። ግን በአዊ፣ ከዳንግላ እስከ እንጅባራ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ከረጢት ተሞልቶ የሚሸጠው የዲከረንስ (የግራር ዓይነት ዛፍ) ከሰል አይደለም። ያኛው አንድ ደረጃ ይቀረዋል። ውሃ ውስጥ የሟሟውን ፀረ-አረም፣ ፀረ-ተባይና የፋብሪካ ቀለም በደንብ ለመያዝ የሚያበቃው ያ ደረጃ ነው።

እንጨት አፈር ለብሶ ሲከስል ጭሱ ይወጣል። ቅጥራኑ ግን ሙሉ በሙሉ አይወጣም፤ የከሰሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ደፍኖ የሚቀር አለ። ፋብሪካ ውስጥ ይህ ከሰል ከ800 እስከ 1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የውሃ እንፋሎት ይለቀቅበታል። እንፋሎቱ ቅጥራኑን ጠርጎ ያወጣል፤ ከዚያም ራሱን ካርቦኑን እየበላ አዳዲስ ቀዳዳ ይቦረቡራል። ሌላም መንገድ አለ፤ እንጨቱን ፎስፎሪክ አሲድ ውስጥ ዘፍዝፎ ዝቅ ባለ ሙቀት ማክሰል።

ውጤቱ የሚገርም ነው። ጥሩ አክቲቬትድ ካርቦን በአንድ ግራም 1000 ካሬ ሜትር ገደማ የውስጥ ገጽ አለው። አንድ ቃዳ መሬት 2500 ካሬ ሜትር መሆኑን የጎጃም ገበሬ ያውቃል። እንግዲህ ሁለት ግራም ተኩል ካርቦን፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ በውስጡ የቃዳ ማሳ ስፋት ይዟል ማለት ነው። ደረቁን ጥራጥሬ ውሃ ውስጥ ብትጨምሩት ይንሾካሾካል፤ አረፋም ያወጣል። ከቀዳዳዎቹ እየወጣ ያለው አየር ነው።

ብዙዎቹ ቀዳዳዎች ከ2 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ይጠባሉ። ብክለቱ የሚያዘው እዚያ ነው፤ ግን እንደ ወንፊት አይደለም። አብዛኞቹ ኦርጋኒክ (ካርቦን ያዘሉ) ኬሚካሎች ከውሃ ጋር እምብዛም አይስማሙም፤ የካርቦን ገጽ ሲያገኙ እሱን ይመርጣሉ። የሚይዛቸው ስበት ደካማ ነው። ጠባብ ቀዳዳ ውስጥ ግን ግድግዳዎቹ ከየአቅጣጫው ስለሚስቡ በቀላሉ አይለቋቸውም። ሜቲሊን ብሉ የተበጠበጠበት ሰማያዊ ውሃ ላይ በቂ የካርቦን ዱቄት ጨምራችሁ ብታማስሉና ብታጠልሉት ጥርት ብሎ ይወርዳል። የካርቦን ጥራት ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው። ከሰል ከፈሳሽ ላይ ቀለም እንደሚያነሣ ኬሚስቱ ቶቢያስ ሎቪትዝ ያስተዋለው እ.ኤ.አ. በ1785 ነበር።

ሁሉንም ይይዛል ማለት ግን አይደለም። ጤፍ ላይ ለአረም የሚረጨውን ቱ ፎር ዲ ያስቀራል። እዚያው ማሳ ላይ ከተበተነው ዩሪያ የሚመጣውን ናይትሬት ግን ያሳልፈዋል፤ ጨውም እንደዚያው። ጀርም አይገድልም። እንዲያውም የያዘው ኦርጋኒክ ነገር ለባክቴሪያ ምግብ ይሆንና ካርቦኑ ላይ ሊራቡ ይችላሉ። ስለዚህ ማፍላቱን ወይም ክሎሪኑን አይተካም፤ ይህን ረስቶ በማጣሪያ ብቻ መተማመን አደገኛ ነው።

የክረምት ውሃም ራሱን የቻለ ጣጣ አለው። ደለሉ ቀድሞ ካልተጣራ ካርቦኑን ይሸፍነዋል። ከበሰበሰ ቅጠልና ከአፈር የሚሟሟው ቡናማ ነገርም ኦርጋኒክ ስለሆነ ከመርዙ ጋር ለቦታ ይሻማል። ደለልን አስቀድሞ ማስቀረት ለካርቦን ዕድሜ ከምንም በላይ ይጠቅማል ባይ ነኝ።

ቦታው ሲሞላ ካርቦኑ ይጠግባል። ችግሩ ምልክት አለመስጠቱ ነው። ውሃው እንደ በፊቱ ይፈስሳል፣ መልኩም አይለወጥም፤ መርዙ ግን ማለፍ ጀምሯል። ትላልቅ የውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች በየጊዜው ናሙና እየወሰዱ የሚመረምሩት ለዚህ ነው። ቤት ውስጥ ያለው አማራጭ አምራቹ የጻፈውን የመቀየሪያ ጊዜና የሊትር መጠን መከተል ነው። የጠገበን ካርቦን ፋብሪካ 800 ዲግሪ በሚደርስ እቶን ሊያድሰው ይችላል፤ በየዙሩም ጥቂቱ ተቃጥሎ ይቀንሳል። ፀሐይ ላይ ማስጣት ወይም በፈላ ውሃ ማጠብ ግን ቀዳዳዎቹን ባዶ አያደርጋቸውም።