የታጅ ማሃሏ አግራ አየር

አግራ በሰሜን ህንድ፣ በኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ግዛት፣ በያሙና ወንዝ ዳር የምትገኝ ከተማ ናት። ከዴልሂ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ 1.6 ሚሊዮን ያህል ነዋሪ ነበራት (ዓመቶቹና ወራቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ዓለም የሚያውቃት በታጅ ማሃል ነው። የአየሯም ታሪክ ከዚያ ሕንፃ ተነጥሎ አይነገርም። ከተማዋን ከጭስ ለመጠበቅ የታወጀው ትልቁ እርምጃ መጀመሪያ የመጣው ለሕንፃው እምነበረድ ሲባል ነው። የሰው ሳንባ ወረፋ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

አየሩ እንደ ወቅቱ ይለያያል። የዝናቡ ወራት ከእኛ ክረምት ጋር ይገጥማል። ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም ዝናቡ ብናኙን ያጥበዋል፤ ሰው ደህና አየር የሚያገኘው ያኔ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ዝናቡ ሲወጣ ነው። በጥቅምትና በኅዳር በሰሜን ምዕራብ ያሉት የፑንጃብና የሃርያና ገበሬዎች ሩዛቸውን በኮምባይነር ያጭዳሉ። ማሽኑ የሚተወው ገለባ ማሳው ላይ ይቀራል። ስንዴ ለመዝራት ያላቸው ጊዜ ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። ገለባውን ለማንሳት ገንዘብም ጉልበትም ስለሚጠይቅ ብዙዎቹ ያቃጥሉታል። ጭሱ ከነፋሱ ጋር ወደ ጋንጀስ ሜዳ ይወርዳል። በዚያ ላይ የዲዋሊ በዓል ርችት ይጨመርበታል።

ታኅሣሥና ጥር ደግሞ ይብሳሉ። ሌሊት መሬቱ ሲቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከታች፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆናል። ሞቃቱ አየር እንደ ድስት ክዳን ይገጥምና ጭሱ ሽቅብ መውጫ ያጣል። በዚያው ሰሞን ድሃው ብርዱን ለመቋቋም መንገድ ዳር እንጨት፣ ኩበት፣ ያገኘውን ቆሻሻ ያነዳል። አንዳንድ ቀን ጠዋት ከሩቅ አገር የመጣ ጎብኚ የታጅ ማሃል አትክልት ቦታ ውስጥ ቆሞ ጉሙንና ጭሱን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ወደ ዴልሂ በሚወስደው ፈጣን መንገድ ላይም የፍጥነት ገደቡ ይቀነሳል፤ መኪኖች በጉሙ ውስጥ በተደጋጋሚ እየተጋጩ ሰው ሞቷልና።

ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ተራው የአቧራ ነው። ከራጃስታን በረሃ በኩል ሉ የሚባለው ትኩስ ነፋስ ይነፍሳል። አንዳንዴም ወደ አውሎ ነፋስ ይለወጣል። በግንቦት 2018 መጀመሪያ የተነሳው ማዕበል በኡታር ፕራዴሽ ከሁሉም የበለጠ ሰው የገደለው በአግራ አውራጃ ነበር።

የሙቀቱ ወራት አቧራና የብርዱ ወራት ጭስ አንድ አይደሉም። ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያሳስባቸው ደቃቁ ብናኝ ነው። ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር ሺኛ) አይበልጥም፤ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ ገብቶ ደም ድረስ ይዘልቃል። የህንድ መንግሥት በዓመት አማካይ የሚፈቅደው በሜትር ኩብ 40 ማይክሮ ግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ ከ2021 ጀምሮ ከ5 እንዳያልፍ ይመክራል። ሕጉ ቢከበር እንኳ ሰዉ የሚተነፍሰው የምክሩን ስምንት እጥፍ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ወደ እምነበረዱ እንመለስ። በአካባቢው የብረት ማቅለጫዎችና የሸክላ ጡብ እቶኖች ነበሩ። በጎረቤቷ ፊሮዛባድ የመስታወትና የአምባር ፋብሪካዎች ይጨሳሉ። በ1982 ደግሞ የማቱራ ነዳጅ ማጣሪያ ሥራ ጀመረ። ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ የሚወጣው ድኝ ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ አሲድ ይሆናል፤ አሲድ እምነበረድን ይበላል። ኤም ሲ መህታ የተባሉ ጠበቃ በ1984 ጉዳዩን ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ታኅሣሥ 1996 ላይ ፍርድ ቤቱ 292 ፋብሪካዎች ወይ በተፈጥሮ ጋዝ እንዲሠሩ፣ ወይ ከአካባቢው እንዲነሱ ወሰነ። በድንጋይ ከሰል የመሥራት ክልከላው የሚሸፍነው 10,400 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ለሠራተኞችም ካሳ እንዲከፈል ታዟል። ያም ሆኖ የማቅለጫዎቹ ከተማ ብዙ እንጀራ አጥታለች።

የድንጋይ ከሰል መከልከሉ ጣፋጭ ሠሪዎችንም ነክቷል። የአግራ መታወቂያ የሆነው ፔታ የሚሠራው ከነጭ ዱባ ነው። ዱባው ይቆራረጣል፣ በኖራ ውሃ ይዘፈዘፋል፣ ይቀቀላል፣ ከዚያ በስኳር ሽሮፕ ውስጥ ረጅም ሰዓት ይንተከተካል። እሳቱ ለረጅም ሰዓት ስለሚነድ የነዳጅ ዋጋ ለአነስተኛ ሠሪ የሞት ሽረት ጉዳይ ነው።

ፍርዱ ፍሬ አፍርቷል። የድኙ ጋዝ ዛሬ ከሕጉ ጣሪያ በብዙ ያንሳል። ብናኙ ግን አልሄደም። የህንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ትንንሽ የእምነበረድ ቁራጮችን ከጉልላቱ አጠገብ አስቀምጠው መርምረዋል። ድንጋዩን የሚያጠቁረው አቧራና ከቃጠሎ የሚመጣ ጥቀርሻ መሆኑን በ2014 መጨረሻ አሳተሙ። ጥቀርሻው ከናፍጣ፣ ከቆሻሻ፣ ከኩበትና ከእንጨት የሚወጣ ነው። ሕንፃውን የሚያጸዱት በጭቃ ነው። ኖራ ያለበትን ለስላሳ ጭቃ ግድግዳው ላይ በብሩሽ ይለቀልቁታል፣ በላስቲክ ይሸፍኑታል፣ ሲደርቅ ያነሱትና በተጣራ ውሃ ያጥቡታል። ጭቃው እድፉን ይዞ ይወጣል። ሳንባ እንዲህ ያለ ማጠቢያ የለውም።

በ2019 የህንድ መንግሥት አገር አቀፍ የንጹሕ አየር ፕሮግራም ጀመረ፤ አግራም ገብታበታለች። መንገድ የሚጠርጉና ውሃ የሚረጩ መኪኖች ተሰማርተዋል። ባጃጆች በጋዝና በባትሪ እየተለወጡ ነው። የሜትሮው (የከተማ ባቡሩ) የመጀመሪያ ክፍል በ2024 ተከፍቷል። በ2023 መንግሥት ባካሄደው የከተሞች የንጹሕ አየር ውድድር አግራ ከሚሊዮን በላይ ነዋሪ ካላቸው ሁለተኛ ወጥታለች። ይህ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን በአገር ደረጃ አብዛኛው የፕሮግራሙ ገንዘብ የዋለው ለመንገድ አቧራ ነው። ሰው የሚገድለው ደቃቅ ብናኝ በብዛት የሚመጣው ደግሞ ከሚነድ ነገር ነው።

ከሚነደው ብዙው የቤት ምድጃ ነው። ኡጅዋላ የተባለው ፕሮግራም ከ2016 ጀምሮ ለድሃ ቤተሰብ ሴቶች የማብሰያ ጋዝ እንዲገባላቸው አድርጓል። ሲሊንደሩ ሲያልቅ ግን ማስሞሊያው ይወደዳል፤ ስለዚህ ብዙዎች ወደ ኩበታቸው ይመለሳሉ። ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ መንግሥት በአንድ ሲሊንደር 300 ሩፒ ይደጉማል። እኔ እንደሚመስለኝ ለአግራ የብርድ ወራት አየር ከውሃ መርጫ መኪናዎቹ ይልቅ ይህ ድጎማ ይጠቅማል፤ ከፍ ቢል ደግሞ ይበልጥ።